የበቅሎዋን ዐመል ማን ይናገር?

ደባርቅ ላይ በቅሎ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ አፏን ያስከፍታል። የፊት ጥርሶቿ አምስት ዓመት እስኪሞላት ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ይለወጣሉ። ከዚያ በኋላ በጥርሱ ላይ ያለው ጎድጓዳ እየተፋቀ ይሄዳል፤ ስምንትን ካለፈች ዕድሜዋን አስተካክሎ መናገር ለዐዋቂም ይቸግራል። ቀጥሎ ኮርቻና ግላሱ ይነሳል። ድሮ ገጣባ የነበረው ቦታ ቢድንም ብዙ ጊዜ ጠጉሩ ነጭ ሆኖ ይበቅላልና ጀርባዋ ያለፈችበትን ይናገራል። በመጨረሻ ቁልቁል ያስኬዷታል፤ ማነከስ እዚያ ይታያል።

ይህ ሁሉ ዐይን ላለው ገዢ ግልጽ ነው። ዐመሏ ግን አይታይም። ገበያ መሐል የቆመች በቅሎ ሁሉ ጨዋ ትመስላለች። ከኋላዋ ሰው ሲመጣ ትራገጥ እንደሆነ፣ ወንዝ አልሻገርም ትል እንደሆነ፣ ላስቲክ ሲንኮሻኮሽ ትደነብር እንደሆነ የሚያውቀው አብሯት የኖረው ሰው ብቻ ነው። በቅሎ ደግሞ እናቷ ፈረስ፣ አባቷ አህያ ስለሆነ አትወልድም፤ ፈረስ 64፣ አህያ 62፣ እሷ 63 ክሮሞሶም አላቸው። ስለዚህ ገዢው ውርንጭላ ተስፋ አድርጎ ገንዘቡን አያወጣም። የሚገዛው እርምጃዋን፣ ጉልበቷንና ጠባይዋን ነው፤ ጠባይዋን የደበቀ ሻጭ ከሸጠው ነገር ዋናውን ደብቋል።

በሰሜን ተራሮች ደግሞ ጉዳዩ ከገንዘብ ያልፋል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ወደ ጎንደር ሲሄድ የወጣው የሊማሊሞ ዳገት ዛሬ የመኪና መንገድ አለው። ከደባርቅ ወደ ሳንቃበር፣ ግጭና ጨነቅ በሚወስደው የእግር መንገድ ግን በቅሎ አሁንም ጓዝ ትጭናለች፣ ሰው ትሸከማለች። መንገዱ በአብዛኛው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ በየቦታውም ገደል አፋፍ ይነካል። ኮርቻው ላይ የሚቀመጠው እንግዳ ምናልባት በሕይወቱ በቅሎ ነክቶ አያውቅም። የምትደነብር በቅሎ እዚያ ላይ የምታደርሰውን ሻጩ ከማንም በላይ ያውቃል።

ሕጉም ዝም አላለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2287 ሻጭ ለሸጠው ነገር ጉድለት ዋስ እንደሆነ ይደነግጋል። ገዢው ውሉን ሲዋዋል ያወቀው ጉድለት ግን ሻጩን አያስጠይቅም። ይህ ለሻጭ ትልቅ ነገር ነው፤ «ኋላዋን አትቅረብ፣ ትራገጣለች» ብሎ ዋጋ የቀነሰ ሰው የሸጠውን ሸጦ በሰላም ይተኛል። አስቦ የደበቀውን ግን «እንዳለች ነው የሸጥኩህ» የሚል ቃል ከኃላፊነት አያወጣውም።

ደላላው ዋጋ ለማስማማት ሲቸኩል ስለ ዐመሏ የሚጠይቅ ላይኖር ይችላል። እኔ ሻጩ ሳይጠየቅ ቢናገር እመርጣለሁ፤ የሚናገረውም ለገዢው ጆሮ ብቻ ሳይሆን በዋሱና በምስክሮቹ ፊት ይሁን። ውል ሲጻፍ ዳማ ናት፣ ቡላ ናት ተብሎ መልኳ ይሰፍራል። ከመልኳ ሥር ስለ ዐመሏ አንድ መስመር ቢታከል ወረቀቱ ይበቃል።