አዲስ ባትሪ በአሮጌ ገመድ

ያረጀ የናፍጣ ሃይሉክስ ማለዳ አልነሳ ሲል የሁሉም ፍርድ አንድ ነው፤ «ባትሪው ሞቷል!» አዲስ ይገዛል። መኪናው ለጥቂት ቀን ደህና ይነሳና ተመልሶ «ጠቅ» ብቻ ማለት ይጀምራል። ቀጥሎ ሞተሪኖው ይፈታል። ሁለቱን የሚያገናኘውን ወፍራም ገመድ ግን የሚጠረጥረው የለም፤ ቢጠረጠርም በተረት ነጻ ይወጣል።

«በቴስተር ለክተነዋል፤ ጮኋል፤ ደህና ነው።» ከሁሉም የሚያሳስተው ይኼኛው ነው። ከገመዱ የመዳብ ክሮች አንዱ ብቻ ሳይበጠስ ቢተርፍም ቴስተሩ ይጮኻል፤ ለመለኪያው የሚበቃው ጅረት እዚህ ግባ የሚባል አይደለምና። የናፍጣ ሞተር ግን አየሩን ከ20 እጥፍ በላይ አምቆ ስለሚሠራ፣ ሞተሪኖው እሱን ለማዞር 200 አምፒርና ከዚያ በላይ ይስባል። ገመዱ ላይ 0.01 ኦም ብቻ ቢኖር በ200 አምፒር 2 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ይህን ያህል ትንሽ ኦም ደግሞ ተራ ቴስተር በትክክል አያነብም።

ስለዚህ የሚለካው ሥራ ላይ እያለ ነው። ማርሹን ዜሮ አድርጋችሁ የእጅ ፍሬን ያዙ። ቴስተሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ አንዱን ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ ራስ ላይ (መያዣው ላይ ሳይሆን እርሳሱ ላይ)፣ ሌላውን ገመዱ ሞተሪኖው ላይ በታሰረበት ብሎን ላይ አስነኩ። ረዳታችሁ ቁልፉን ሲያዞር ከ0.5 ቮልት በላይ ካነበበ ጥፋቱ ከገመዱ ወይም ከማሰሪያው ነው።

«በፈላ ውሃ አጥበው፤ ይበቃዋል።» ውሃው የባትሪውን ራስ ያጸዳል፤ ቤኪንግ ሶዳ ቢጨመርበት አሲዱንም ያከሽፋል። በገመዱ ፕላስቲክ ሥር የገባውን ዝገት ግን አይነካም። ገመዱ አብጦ ወይም ደርቆ ከሆነ፣ ስታጥፉትም ከተንኮሻኮሸ፣ ጫፉን ገለጥ አድርጋችሁ እዩት። መዳቡ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ከሆነ መድኃኒቱ መለወጥ ብቻ ነው።

«ቀዩን ብቻ ለውጥ።» የወጣው ጅረት ሁሉ በጥቁሩ ነው የሚመለሰው። ከሞተሩ ወደ ቦዲው የሚሄደው ቀጭን ማሰሪያም አለ፤ ሁሌም የሚረሳው እሱ ነው። እሱ ሲበላሽ ጅረቱ ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ የነዳጅ መስጫ ሽቦ ሳይቀር ሊግል ይችላል።

ገመድ ስትገዙ ውፍረቱ አያታልላችሁ። ፕላስቲኩ ወፍራም ሆኖ ውስጡ ቀጭን፣ ወይም መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም የሆነ ሞልቷል። ጫፉን አስቆርጣችሁ እዩ፤ ለናፍጣ ፒካፕ የመዳቡ ስፋት ከ35 እስከ 50 ካሬ ሚሊሜትር ቢሆን ይመረጣል። የብየዳ ገመድ ጅረቱን ይችላል፤ ጎማው ግን ሙቀት አይወድም፤ ከጭስ ማውጫው አርቁት።

«ሞተሩ እየሠራ ባትሪውን ንቀል፤ ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው» የሚለውን ፈጽሞ አትሞክሩ። በዚያች ቅጽበት የሚዘለው ቮልቴጅ የዲናሞውን ዳዮዶች ሊያቃጥል ይችላል።

ሲፈታ ኔጌቲቭ ይቀድማል፤ ሲታሰር መጨረሻ ይገባል። ኔጌቲቩ ሳይፈታ የፖዘቲቩ መፍቻ ቦዲ ከነካ ብልጭታው ከባትሪው የሚወጣውን ጋዝ ሊያፈነዳ ይችላል። መያዣው አልገባ ቢል በመዶሻ አትምቱት፤ የባትሪው ራስ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ በካቻቢቴ ከፈት ማድረግ ይበቃል። ግራሶም የሚቀባው ብሎኑ ከጠበቀ በኋላ ከላይ ነው።