የብግነትን ምንጭ ፍለጋ በዓሣ ጫጩት አንጀት ውስጥ

ብግነት ሰውነት ተውሳክንና ጉዳትን የሚመክትበት ጠቃሚ ምላሽ ቢሆንም፣ በጊዜው ሳይበርድ ሲቀር ያንኑ የሚጠብቀውን አካል ይጎዳል። በአንድ አካባቢ ከሚኖሩ ሰዎች አንዱን ለዚህ ዳርጎ ሌላውን የሚተወው ምን እንደሆነ ከተጠየቀባቸው ቦታዎች አንዱ ወላይታ ነው፤ በቀይ አፈሩ ላይ ባዶ እግራቸውን በሚሠሩ ገበሬዎች ዘንድ የሚታየው ፖዶኮኒዮሲስ፣ በተለምዶ ዝሆኔ የሚባለው የእግር እብጠት፣ አፈሩን የረገጠውን ሁሉ አይዝም። ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ጥናት 194 ሕሙማንን ከ203 ጤነኞች ጋር አነጻጽሮ፣ ተጋላጭነቱ ኤች.ኤል.ኤ. ክላስ ሁለት ከሚባሉት፣ ማለትም የባዕድ ነገርን ቁራጭ ለመከላከያ ሕዋሳት የሚያቀርቡ ፕሮቲኖችን ከሚያስገኙት ጂኖች ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይቷል።

የኤች.ኤል.ኤ. ጂኖች አንጀትን በሚያቆስለው ሥር የሰደደ ብግነትም ውስጥ ድርሻ አላቸው። ያበጠ እግር ግን ለዓይን ሲታይ አንጀት የተሸሸገ ነው፤ ተመራማሪዎች ወደ ዜብራ ዓሣ የዞሩትም በዚህ ምክንያት ነው። መገኛው ደቡብ እስያ የሆነው ይህ ትንሽ ዓሣ እንቁላሉ ከእናቱ አካል ውጭ ያድጋል፤ በአምስተኛው ቀን ጫጩቱ አራት ሚሊሜትር ያህል ሲሆን አንጀቱ ሥራ ይጀምራል፣ ገላውም ብርሃን ስለሚያሳልፍ፣ አረንጓዴ እንዲያበሩ የተደረጉት ኒውትሮፊሎች፣ ማለትም ብግነት ወዳለበት ቀድመው የሚደርሱት ነጭ የደም ሕዋሳት፣ ወደ አንጀቱ ሲጎርፉ በማይክሮስኮፕ በሕይወት እያለ ይታያሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው የጂኖም ጥናት ከሰው ጂኖች 70 በመቶ ያህሉ በዚህ ዓሣ ውስጥ አቻ እንዳላቸው አረጋግጧል።

ከተገኙት ውጤቶች እጅግ አስደናቂው እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ነው። በዲኤንኤ ላይ የሚለጠፈውንና ጂኖችን ዝም የሚያሰኘውን ኬሚካላዊ ምልክት የሚጠብቀው ዩ.ኤች.አር.ኤፍ.1 የተባለ ጂን ሲበላሽ፣ ቲ.ኤን.ኤፍ. የተባለውን የብግነት መልእክተኛ የሚያመርተው ጂን ከዝምታው ይወጣና የአንጀቱ ግድግዳ ይቆስላል። ክሮንስ የተባለውን የአንጀት በሽታ ለማከም ዛሬ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ የሚያግዱት ይህንኑ መልእክተኛ መሆኑ ግኝቱን ከሕክምናው ጋር ያገናኘዋል። ይሁን እንጂ ዓሣው ለሁሉም ጥያቄ አይመልስም፤ ጫጩቱ በዚያ ዕድሜው ባዕድ ነገርን ለይተው የሚያስታውሱት ሊምፎሳይቶች ስላልበሰሉለት፣ እንደ ኤች.ኤል.ኤ. ያለውን የጂን ጥያቄ ለመመርመር ሳምንታት መጠበቅና ብርሃን እንደልብ የማያሳልፍ ዐዋቂ ዓሣ ይዞ መሥራት ያስፈልጋል።

ምግብን በተመለከተ ግን ጫጩቱ ፈጥኖ ይናገራል። የአኩሪ አተር ዱቄት የተመገቡ ጫጩቶች አንጀት ውስጥ ኒውትሮፊሎች ሲበዙ፣ ሳፖኒን የተባለው የአኩሪ አተር ንጥረ ነገርም ያንኑ ሲያስከትል፣ የተጣራው የአኩሪ አተር ፕሮቲን ብቻውን ሲሰጥ ግን ይህ አልታየም፤ ይህም በአባያ ሐይቅ እንደሚገኘው ቆሮሶ ያሉ ዓሦችን በኩሬ ለሚያረባ ሰው፣ ችግሩ ያለው በፕሮቲኑ ሳይሆን አብሮት በሚመጣው ነገር ላይ ሊሆን እንደሚችል ያመለክታል።