የዱቄት ወተት የሚጠጣ ሕፃን ሆዱ ሲደርቅና ሲነፋ፦ ተረትና እውነታ

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንዲት ሠራተኛ ከወለደች በኋላ የምታገኘው ፈቃድ 90 ተከታታይ ቀናት ነው። ስለዚህ በከተማ ብዙ ሕፃናት ገና ሦስት ወር ሲሞላቸው ከጡት ጋር ጡጦ ይጀምራሉ። እናት በመታመሟ ወይም በሕይወት ባለመኖሯ ከተወለዱበት ቀን አንስተው በዱቄት ወተት ብቻ የሚያድጉም አሉ። ወተቱ ከተቀየረ ብዙም ሳይቆይ ቤት ውስጥ ጭንቀት ይገባል፦ «ካካ ካለ ሦስት ቀኑ ነው»፣ «ሆዱ ተነፍቷል»፣ «ሌሊቱን ሲያምጥ አደረ»። ወዲያው ምክሩ ይጎርፋል። አንዷ አብሽ፣ ሌላዋ ለጋ ቅቤ፣ ሦስተኛዋ የፋርማሲ ጠብታ ታዛለች።

ምክሩ የሚመጣው ከፍቅር ነው፤ በዚህ አንጠራጠርም። ችግሩ አብዛኛው ምክር ሕፃኑ ሆድ ውስጥ አንድ ነገር ለመጨመር መቸኮሉ ነው። መፍትሔው ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ወተቱ በሚበጠበጥበትና ጡጦው በሚያዝበት መንገድ ላይ ነው። በየቤቱ የሚነገሩትን እምነቶች አንድ በአንድ እንያቸው።

ተረት 1፦ በየቀኑ ካካ የማይል ሕፃን ሆዱ ደርቋል

እውነታው፦ መታየት ያለበት የሰገራው ልስላሴ ነው። የዱቄት ወተት የሚጠጡ ብዙ ሕፃናት በቀን አንድ ጊዜ ገደማ ይወጣሉ፤ በሁለት ወይም በሦስት ቀን አንዴ የሚወጡም አሉ። ሲወጣ ለስላሳ ከሆነ፣ ልጁ በደንብ ከጠጣና ክብደት ከጨመረ የቀኑ ብዛት አያስጨንቅም። ድርቀት የሚባለው ሰገራው እንደ ፍየል በጠጥ ጠጥሮ ሲወጣ፣ ሕፃኑ በሕመም ሲጮህ ወይም ከሰገራው ላይ ደም ሲታይ ነው።

ጡጦ የሚጠባ ልጅ ሰገራ ጡት ከሚጠባው ልጅ ወፈር ማለቱም ምክንያት አለው። በብዙ የዱቄት ወተቶች ውስጥ የፓልም ዘይት አለ። የዚህ ዘይት አንዱ ክፍል የሆነው ፓልሚቲክ አሲድ አንጀት ውስጥ ሲለቀቅ ከካልሲየም ጋር ይጣበቅና ሳይመጠጥ ከሰገራ ጋር ይወጣል፤ ሰገራውንም ያጠነክረዋል። በጡት ወተት ውስጥ ይኸው አሲድ በሌላ አቀማመጥ ስለተያያዘ በአብዛኛው ሰውነት ይመጠዋል። ስለዚህ ከጡት ወደ ጡጦ የተሸጋገረ ልጅ ሰገራው ወፈር ቢል፣ ቀለሙ ወደ ቡናማ ወይም አረንጓዴ ቢያደላ፣ ሽታውም ቢጠነክር የሚጠበቅ ለውጥ ነው።

ተረት 2፦ ፊቱ ቀልቶ እያለቀሰ የሚያምጥ ሕፃን ደርቆበታል

እውነታው፦ ከዘጠኝ ወር በታች ያለ ጤነኛ ሕፃን 10 ደቂቃና ከዚያ በላይ አምጦ፣ ፊቱ በርበሬ መስሎ፣ አልቅሶም በመጨረሻ ለስላሳ ሰገራ ሊያወጣ ይችላል። ይህ ድርቀት አይደለም። ካካ ለማለት ሆድን መግፋትና የታችኛውን ጡንቻ ማላላት በአንድ ጊዜ ያስፈልጋል። ሕፃኑ ሁለቱን ማቀናጀት ገና አልቻለም፤ እየገፋ ያንኑ መውጫ ይዘጋዋል። በሳምንታት ውስጥ በራሱ ይለምደዋል። በየጊዜው ፊንጢጣውን በቴርሞሜትር ወይም በሌላ ነገር መነካካት ይህን ልምምድ ያዘገይበታል።

ተረት 3፦ የሚያደርቀው በወተቱ ውስጥ ያለው አይረን ነው

እውነታው፦ በሕፃናት ወተት ውስጥ ያለው የአይረን መጠን ድርቀት እንደማያመጣ በጥናት ታይቷል። አይረን ሰገራውን ወደ ጥቁር አረንጓዴ ሊያጠቁረው ይችላል፤ ቀለሙ ግን ጉዳት የለውም። አይረን የጎደለው ልጅ ደም ያንሰዋል፤ የአእምሮ እድገቱም ይጎዳል። በዚህ ምክንያት አይረን ያነሰበት ወተት መፈለግ ልጁን መጉዳት ነው።

ተረት 4፦ ወፈር ያለ ወተት ያጠግባል፤ ቀጠን ያለ ደግሞ ድርቀት ይፈታል

እውነታው፦ እዚህ ላይ ረዘም ብለን እንቆይ፤ ብዙ የጡጦ ልጅ ድርቀት የሚጀምረው ከዚሁ ነውና።

ማንኪያው ተከምሮ ወይም ዱቄቱ ተጠቅጥቆ ሲለካ ወተቱ ይወፍራል። በደሙ ውስጥ ጨው ይበዛል፣ ሰውነቱ ውሃ ያጥረዋል፣ አንጀቱም ከሰገራው ውስጥ ያለውን ውሃ መጦ ያደርቀዋል። ልጁ ይጠማል፤ ስለጠማው ያለቅሳል። «አልጠገበም» ተብሎ ያው ወፍራም ወተት ይጨመርለታል፤ ድርቀቱም ይብሳል። ጡጦ ውስጥ የእህል ዱቄት መጨመርም ያደርቃል፤ የመታነቅ አደጋም አለው።

ማቅጠንም የዚያኑ ያህል አደገኛ ነው። የጣሳው ዋጋ ሲከብድ እንዲበረክት ውሃ የሚጨምሩ ቤተሰቦች አሉ፤ ችግራቸው ይገባናል። ነገር ግን በቀጠነ ወተት ያደገ ልጅ ይቀጭጫል፤ በደሙ ውስጥ ያለው ጨው ከልክ በታች ሲወርድ ደግሞ ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። አቅም ካጠረ ጉዳዩን ለጤና ባለሙያ በግልጽ መናገር ይሻላል፤ ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

ትክክለኛው አሠራር የሚጀምረው እጅን በሳሙና ከመታጠብና ጡጦውን በደንብ ከማጽዳት ነው። መጀመሪያ ውሃው ጡጦው ላይ ባለው መስመር ይለካል፤ ከዚያ ዱቄቱ ይጨመራል። ብዙ ዓይነቶች ለ30 ሚሊ ሊትር ውሃ አንድ ማንኪያ ይላሉ፤ ለ60 ሚሊ ሊትር አንድ የሚሉም ስላሉ የጣሳውን ጽሑፍ ያንብቡ። የአንዱን ጣሳ ማንኪያ ለሌላው አይጠቀሙ። ማንኪያው ሳይጠቀጠቅ በንጹሕ ቢላ ጀርባ ይስተካከል።

የውሃው ሙቀትም ቁም ነገር ነው። የወተት ዱቄት ከጀርም ፍጹም የጸዳ ስላልሆነ የዓለም ጤና ድርጅት ከ70 ዲግሪ ባላነሰ ውሃ እንዲበጠበጥ ይመክራል። ለዚህም ውሃው ከፈላ በኋላ ከ30 ደቂቃ በላይ መቆየት የለበትም። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍተኛ ቦታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ቶሎ ይበርዳል፤ ባይዘገዩ ይመረጣል። የተበጠበጠው ወተት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጡጦውን በማቆም ይብረድና በእጅ አንጓ ላይ ተንጠባጥቦ ይፈተሽ። ተጠጥቶ የተረፈ ወተት ይደፋል እንጂ ለሚቀጥለው አይቀመጥም።

ተረት 5፦ ውሃ ብቻ ቢሰጠው ይፈታለታል

እውነታው፦ በትክክል የተበጠበጠ ወተት ሕፃኑ የሚፈልገውን ውሃ ይዟል። ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃን ሆዱ በውሃ ሲሞላ ወተቱን ይተዋል፤ ውሃ ሲበዛበትም በደሙ ውስጥ ያለው ጨው ይቀንሳል። በቆላ ሙቀት ወይም ድርቀቱ ሲጸና ሐኪሙ በወተት መካከል ጥቂት ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ሊያዝ ይችላል። መጠኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ ውሃው የወተትን ቦታ መያዝ የለበትም።

ተረት 6፦ አብሽ፣ ጤና አዳም፣ ለጋ ቅቤና ማር ሆድ ያለሰልሳሉ

እውነታው፦ ለትልቅ ሰው የሚስማማ ሁሉ ለአራስ አይስማማም። የአብሽ ውሃ ሆድ ሞልቶ ወተት ያስቀራል፤ ጋዝም ሊጨምር ይችላል። ጤና አዳም መጠኑ ያልታወቀ ኃይለኛ ቅጠል ነው፤ በሕፃን ላይ መሞከር የለበትም። ቅቤ በጣት ወይም በማንኪያ ሲገደድ ትን ብሎ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ሳንባ የገባ ቅባት ደግሞ በቀላሉ የማይድን የሳንባ ምች ያመጣል።

ማር ላይ ድርድር የለም። ማር ውስጥ ቦቱሊዝም የተባለውን በሽታ የሚያመጣ ጀርም ዘር ሊኖር ይችላል። የሕፃን አንጀት ይህን ዘር መከላከል ስለማይችል ዘሩ በቅሎ ነርቭን የሚያሽመደምድ መርዝ ያመነጫል። የበሽታው የመጀመሪያ ምልክት ብዙ ጊዜ ድርቀት ነው። ለድርቀት ተብሎ የተሰጠ ማር ከባድ ድርቀትና ከዚያ የባሰ ነገር ይዞ ሊመጣ ይችላል ማለት ነው። አንድ ዓመት ሳይሞላው ለሕፃን ማር በጭራሽ አይሰጥ፤ መላስም ቢሆን።

ተረት 7፦ የሳሙና ቁራጭ በፊንጢጣው ማስገባት ወይም የጉሎ ዘይት ማጠጣት ቶሎ ያስወጣዋል

እውነታው፦ ሳሙና ስሱ የሆነውን የአንጀት ሽፋን ይልጠዋል፤ ያቆስለዋል። የጉሎ ዘይት ቁርጠትና ኃይለኛ ተቅማጥ አምጥቶ የሕፃኑን ውሃ ይጨርሳል። የቆሰለ ሕፃን ሲያመው ካካውን ይይዛል፤ የተያዘውም የባሰ ይደርቃል። በፊንጢጣ የሚገባ የግሊሰሪን መድኃኒት ያስፈለገ እንደሆነ ሐኪም ባዘዘው መጠንና ጊዜ ብቻ ይሰጣል።

ተረት 8፦ የሚያለቅሰው በጋዝ ነው፤ ጠብታ ያስፈልገዋል

እውነታው፦ ጤነኛ ሕፃን ሁሉ ጋዝ ያወጣል። ልቅሶ ከሁለት ሳምንት ጀምሮ እየጨመረ ስድስተኛው ሳምንት ገደማ ጫፍ ይደርሳል፤ በሦስትና በአራት ወር ይረግባል። ሲያለቅስ አየር ስለሚውጥ ብዙ ጊዜ ጋዙ የሚመጣው ከልቅሶው ነው። ሲሜቲኮን የተባለው ጠብታ በጥናት ሲፈተሽ መድኃኒት ከሌለው ፈሳሽ የተሻለ ውጤት አላሳየም። ግራይፕ ዋተርም ቢሆን የሆድ ቁርጠትን ስለመፈወሱ አስተማማኝ ማስረጃ የለውም።

የሚረዳው የሚዋጠውን አየር መቀነስ ነው። ሕፃኑ ቀና ብሎ ይያዝ፤ ተጋድሞ አይጠጣ። ጡጦው ጫፉ ዘወትር በወተት እንደተሞላ እንዲቆይ ያዘንብል። ጡጦው ሲገለበጥ ወተቱ ጠብ ጠብ ማለት አለበት፤ ከተንዶለዶለ ቀዳዳው ሰፍቷል፣ ሕፃኑ በኃይል ስቦ ከደከመው ጠብቧል። ተንጦ አረፋ ያወጣ ወተት አረፋው እስኪረግብ ይጠበቅ። በመሃልና በመጨረሻ ትከሻ ላይ አድርገው ጀርባውን በቀስታ እየደባበሱ ያስገሱት። ጥቂት ደቂቃ ሞክረው ካላገሳ ይተዉት፤ የግድ ማግሳት የለበትም።

ልቅሶው ትዕግሥት ካስጨረሰ ልጁን በጀርባው አስተማማኝ ቦታ አስተኝተው ለጥቂት ደቂቃ ፈቀቅ ይበሉ፤ ወይም ሌላ ሰው ይተካ። ሕፃንን መነቅነቅ አንጎሉን ያደማዋል፤ በምንም ምክንያት አይደረግ።

ተረት 9፦ ይህ ወተት አልተስማማውም፤ ጣሳው ይቀየር፣ ካልሆነ የላም ወተት ይሻለዋል

እውነታው፦ በየሳምንቱ ዓይነት መቀያየር አንጀቱን ዕረፍት ይነሳዋል፤ እውነተኛውን ምክንያትም ይሸፍናል። ለላም ወተት ፕሮቲን አለርጂ ያላቸው ጥቂት ሕፃናት አሉ። በሰገራ ደም፣ በማያቋርጥ ትውከት፣ በቆዳ ሽፍታ ወይም ክብደት ባለመጨመር ይታወቃሉ። ለእነርሱ የተለየ ወተት የሚያዘው ሐኪም ነው። ተራ የላም ወተት ከ12 ወር በፊት እንደ ዋና ምግብ አይሰጥም፤ ፕሮቲኑና ጨዉ ለኩላሊት ይከብዳል፣ አይረኑ ጥቂት ነው፣ አንጀትንም በጥቂቱ ሊያደማ ይችላል። ድርቀትንም ያባብሳል።

ታዲያ ዛሬ ምን ይደረግ?

የዱቄቱንና የውሃውን ልክ ይፈትሹ። ሕፃኑን በጀርባው አስተኝተው እግሮቹን ብስክሌት እንደሚነዳ ያንቀሳቅሱለት። በሞቀ እጅ ሆዱን በእምብርቱ ዙሪያ በሰዓት አቅጣጫ ቀስ ብለው ይሹት፤ ይህ አንጀት ሰገራውን የሚገፋበት አቅጣጫ ነው። ለብ ባለ ውሃ ማጠብም ጡንቻውን ያላላል። ነቅቶ ሳለ እየተጠበቀ በሆዱ ይተኛ፤ ለእንቅልፍ ግን ምንጊዜም በጀርባው። ስድስት ወር ሞልቶት ምግብ የጀመረ ልጅ የላመ ፓፓያ፣ አቮካዶ ወይም ፕሪም ይረዳዋል፤ ሩዝና ያልበሰለ ሙዝ ይቀነስ።

የሚከተሉት ምልክቶች ካሉ ግን ቤት ውስጥ መጠበቅ አይገባም፤ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፦

- ከተወለደ በ48 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያውን ጥቁር ሰገራ ካላወጣ
- ሆዱ ተወጥሮ ከጠነከረ ወይም አረንጓዴ ካስመለሰ
- በሰገራው ደም ከታየ፣ ወይም ሰገራው ነጭና የገረጣ ከሆነ
- መጥባት ከተወ፣ ከደከመ፣ ሰውነቱ ከዛለ ወይም ሽንቱ ከቀነሰ
- ከሦስት ወር በታች ሆኖ ሙቀቱ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከደረሰ
- ክብደት ካልጨመረ፣ ወይም ድርቀቱ ከቆየ የዓይን ቢጫነት ጋር ከመጣ

ሲሄዱ የወተቱን ጣሳና ማንኪያ ይዘው ይሂዱ፤ እንዴት እንደሚበጠብጡም ለባለሙያው ያሳዩ።

አያቶቻችን ካስተማሩን ውስጥ ማሸቱ፣ ማስገሳቱ፣ አቅፎ ማባበሉ ዛሬም የሚጠቅም እውቀት ነው፤ ይቀጥል። መቅረት ያለበት የአራስን አፍ በቅጠል፣ በቅቤና በማር መሙላት ነው። ሆዱ የደረቀበት ሕፃን ያለበት ቤት የሚገባ ዘመድ ሁሉ «ምን አጠጣሽው?» ከማለቱ በፊት «ወተቱን እንዴት ነው የምትበጠብጪው?» ብሎ ይጠይቅ። አብራችሁ አንድ ጡጦ ከጣሳው ጽሑፍ ጋር እያመሳከራችሁ አዘጋጁ፤ ብዙ ሕፃን ከሥቃይ የሚገላገለው በዚህች ጥንቃቄ ነው።