30 ጆንያ ቡና በምን ይነሳል?

ለውጭ ገበያ የተዘጋጀ ቡና 60 ኪሎ በሚይዝ ጆንያ ይታሸጋል። 30 ጆንያ አንድ ፓሌት ላይ ሲደረደር 1800 ኪሎ ይሆናል። ይህን ከቦታ ቦታ ለማንቀሳቀስ ሞተር አያስፈልግም፤ በእጅ የሚጎተት ፓሌት ጃክ ይበቃል። ሠራተኛው እጀታውን ከፍ ዝቅ ሲያደርግ ዘይት በግፊት ሹካውን ያነሳዋል። አብዛኞቹ እስከ 2500 ኪሎ ይችላሉ፤ ከወለሉ ከፍ የሚያደርጉት ግን 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ብዙዎቹ ፍሬን ስለሌላቸው ዳገትና ቁልቁለት አይሆናቸውም።

ጭነቱን ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል፤ ፎርክሊፍት ወይም ሪች ትራክ ያስፈልጋል።

ፎርክሊፍት የፊቱን ጭነት የሚችለው ከኋላው ባለው ከባድ ብረት ነው። የሚጠመዘዘው በኋላ ጎማው ስለሆነ ሲታጠፍ ጅራቱ ወደ ውጭ ይወረወራል፤ አጠገቡ የቆመ ሰው ወዮለት! ሰሌዳው ላይ 2500 ኪሎ የሚል ጽሑፍም ብዙዎችን ያሳስታል። ቁጥሩ የሚሠራው በአብዛኛው የጭነቱ መሀል ከሹካው ጀርባ 50 ሴንቲ ሜትር ሲርቅ ነው። ጭነቱ ከረዘመ አቅሙ ይቀንሳል፤ ማሽኑ በአፍጢሙ ሊደፋም ይችላል።

ሹካውን ወደ ፊት የሚዘረጋው ሪች ትራክ ግን በመደርደሪያዎች መካከል ጠባብ መተላለፊያ ይወዳል፤ 3 ሜትር ገደማ ይበቃዋል። ጎማዎቹ ትንንሽ ስለሆኑ ወለሉ ልሙጥ መሆን አለበት።

ስለዚህ የማሽን ዋጋ ከመጠየቅዎ በፊት ሜትር ይያዙና መተላለፊያውን ይለኩ።