የአውሮፕላን ቴክኒሻን ሥልጠና

የአውሮፕላን ጥገና ሥልጠና ሁለት ዋና ዘርፎች አሉት። አንዱ የአውሮፕላኑን አካልና ሞተር፣ የማረፊያ ጎማዎቹን፣ የነዳጅና የሃይድሮሊክ መስመሮቹን ይመለከታል። ሌላው አቪዮኒክስ ሲሆን የኤሌክትሪክ፣ የሬዲዮና የአቅጣጫ መምሪያ መሣሪያዎችን ይይዛል።

ትምህርቱ የሚጀምረው በሂሳብ፣ በፊዚክስ፣ በበረራ መርሆዎችና በአቪዬሽን ሕግ ነው። የጥገና መጻሕፍቱ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ስለሚዘጋጁ ቋንቋውን በሚገባ ማንበብ ግድ ይላል። ቀጥሎ ሠልጣኙ ወርክሾፕ ገብቶ ላሜራ ይቆርጣል፣ ሽቦ ያያይዛል፣ ብሎን በታዘዘለት ልክ ማጥበቅን ይለማመዳል። በመጨረሻም ሃንጋር ውስጥ ልምድ ባላቸው ባለሙያዎች ሥር ይሠራል።

ከእጅ ጥበብ እኩል የሚሰጠው ትምህርት ግን ሥነ ሥርዓት ነው። ቴክኒሻን አንድን ሥራ መቶ ጊዜ ሠርቶት ቢሆን እንኳ መመሪያውን ገልጦ ያያል እንጂ በትዝታው አይተማመንም። የዚህን ምክንያት እ.ኤ.አ. በሰኔ 1990 በእንግሊዝ የደረሰው አደጋ ያስረዳል። የብሪቲሽ ኤርዌይስ አውሮፕላን በበረራ ላይ ሳለ የፊት መስታወቱ ተገንጥሎ ካፒቴኑ በከፊል ወደ ውጭ ተመዘዘ፤ ባልደረቦቹ እግሩን ይዘው ስላቆዩት ሕይወቱ ተረፈ። መስታወቱ የተቀየረው ከበረራው አንድ ቀን ያህል ቀደም ብሎ ነበር። የቀየረው ባለሙያ የመለዋወጫ መዝገቡን ሳያይ ብሎኖቹን በዓይኑ እያስተያየ በመምረጡ፣ ከ90ዎቹ 84ቱ ከሚገባው ልክ አንድ ሚሊሜትር በማይሞላ መጠን የቀጠኑ ሆኑ።

የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ ባለ ፈቃድ ለመሆን ቢያንስ 18 ዓመት ዕድሜ ይጠይቃል። ለሙሉ ፈቃድ የአራት ዓመት የሥራ ልምድ ያስፈልጋል፤ እውቅና ያለውን ሥልጠና ለጨረሰ ሁለት ዓመት ይበቃል። ፈተናውን አልፎም የሚሠራበትን የአውሮፕላን ዓይነት ለይቶ መማር አለበት፤ ቦይንግ 737ን ያወቀ ኤርባስ A350ን አወቀ አይባልም። ከዚህ በኋላ የሚያኖረው ፊርማ አውሮፕላኑ ለመብረር ብቁ መሆኑን የሚያረጋግጥ፣ በሕግም የሚያስጠይቅ ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ከአሜሪካው አየር መንገድ ከቲ.ደብልዩ.ኤ. ጋር በተደረገ ስምምነት ሲቋቋም፣ ሥራው በአብዛኛው በአሜሪካውያን እጅ ነበር። ኢትዮጵያውያን እንዲተኳቸው የታሰበውን ለማሳካት አየር መንገዱ የራሱን ማሠልጠኛ ከፈተ፤ ዛሬ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የሚመጡ ሠልጣኞችንም ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2012 ቦይንግ 787ን ከአፍሪካ ቀድሞ ሲረከብ ለቴክኒሻኖቹ አዲስ ትምህርት መጣ። የዚህ አውሮፕላን ክብደት ግማሽ ያህሉ በካርቦን ጭረት ከተጠናከረ ፕላስቲክና መሰል ቁሶች የተሠራ ነው። እንዲህ ያለው አካል እንደ ብረት አይዝግም፤ ሲመታ ግን ጉዳቱ ከላይ ሳይታይ ውስጥ ለውስጥ ሊሰነጠቅ ስለሚችል፣ በድምፅ ሞገድ መመርመርን ይጠይቃል። ስለዚህም ፈቃድ ያገኘ ቴክኒሻን በየጊዜው ወደ ትምህርት ክፍል ይመለሳል።