በጨለማ የሚሠራ እርሳስ

ነሐሴ ሲገባ በስኮትላንዷ ኤዲንብራ መድረክ ያልሆነ ክፍል ማግኘት ይከብዳል። የዩኒቨርሲቲ መማሪያ አዳራሹ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት፣ የመጠጥ ቤቱ ጓዳ፣ መስክ ላይ የተተከለው ድንኳን ሁሉ ለሦስት ሳምንት ያህል ትያትር ቤት ይሆናል። በ2019 ብቻ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከ3,800 በላይ ዝግጅቶች ከ300 በሚበልጡ ቦታዎች ቀርበዋል። ከእነዚህ ጠባብና ጨለማ ክፍሎች በአንዱ፣ ከረድፉ ጫፍ፣ ዓይኑን ከመድረኩ ሳይነቅል እጁ ጭኑ ላይ የሚንቀሳቀስ ሰው ታገኙ ይሆናል። ተውኔቱን እየነደፈ ነው።

ፌስቲቫሉ ፍሪንጅ ይባላል። የተወለደው በ1947 ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኤዲንብራ ታላላቅ ከያንያንን ጋብዛ ዓለም አቀፍ ፌስቲቫል ስትከፍት፣ ያልተጠሩ ስምንት የትያትር ቡድኖች መጥተው ባገኙት አዳራሽ ተውኔታቸውን አሳዩ። በቀጣዩ ዓመት ሮበርት ኬምፕ የተባለ ጸሐፌ ተውኔትና ጋዜጠኛ ስሙን አወጣላቸው፤ በ1958 ደግሞ ማኅበር አቋቋሙ። ያ ማኅበር ዛሬም ማን ይግባ ማን ይቅር ብሎ አይመርጥም። ቦታ ያገኘና ወጪውን የቻለ ሁሉ ያሳያል። ጸሐፌ ተውኔቱን ቶም ስቶፓርድን ለዝና ያበቃው ተውኔት በ1966 መጀመሪያ የታየው እዚሁ ነበር። በየዓመቱ አሥር ሰው ተመልክቷቸው የሚረሱትን ግን ማንም አይቆጥራቸውም።

ለነዳፊው ትልቁ ጉዳይ ይኸው መረሳት ነው። አብዛኛው ዝግጅት አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ አንዱ ክፍል በቀን በርካታ ቡድኖችን ያስተናግዳል። ተራው ያለቀበት ቡድን ገበያ እንደተፈታበት ነጋዴ ዕቃውን ጠቅልሎ በደቂቃዎች ውስጥ ይወጣል። ዕቃውም ብዙ አይደለም፦ አንድ ወንበር፣ አንድ ሻንጣ፣ ምናልባት አንድ ካፖርት። ታሪኩን የሚሸከመው የተዋናዩ አካል ነው። ትልልቆቹ ቡድኖች ፎቶ አንሺ አላቸው፤ ለትንንሾቹ ብዙ ጊዜ የሚተርፋቸው ልምምዱ ሳያልቅ ለማስታወቂያ የተነሱት ፎቶ ነው። የነዳፊው ገጽ እነርሱ ስለ ራሳቸው ያላቸው ብቸኛው የዓይን ምስክር የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ሥራውን የሚያከብደው ጨለማው ነው። ዓይናችን ከብርሃን ወደ ጨለማ ሲገባ ሙሉ በሙሉ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ የፍሪንጅ ተውኔት በዚያን ጊዜ ተጋምሷል። በዚህ ላይ መድረኩ በርቶ ደብተሩ ጨለማ ውስጥ ስለሆነ፣ ዓይን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲመላለስ ልምዱ በየጊዜው ይፈርስበታል። ቀለምም ይከዳል። በደብዛዛ ብርሃን ቀይ ነገር ጠቁሮ፣ ሰማያዊው ደምቆ ይታያል፤ ነዳፊው ጥቁር መስሎት ያነሳው የቀለም እርሳስ መብራት ሲበራ ቀይ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ቀለሙን ትተው ማስታወሻ ይጽፋሉ፦ «ቀሚስ አረንጓዴ»፣ «ብርሃን ከግራ፣ ቢጫ»። የግድ መብራት ካስፈለገ ትንሽ ቀይ መብራት ይመረጣል፤ በጨለማ የምናይባቸው የዓይን ሕዋሳት ለቀይ ብርሃን እምብዛም ስለማይነቁ የለመዱትን ጨለማ አይረብሽም። እኔ ግን እሱንም አልወደውም። ሃምሳ ሰው በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ አንዲት ቀይ ነጥብ ራሷን የቻለች ተዋናይ ትሆናለች።

የተሻለው መፍትሔ ገጹን አለማየት ነው። እጅ የወረቀቱን ጠርዝ በትንሿ ጣት እየዳሰሰ፣ ዓይን ተዋናዩን እየተከተለ፣ መስመሩ ራሱ መንገዱን ያገኛል። አሜሪካዊው የሥዕል መምህር ኪሞን ኒኮላይዲስ በ1941 በታተመው መጽሐፉ ይህን ዓይነቱን ልምምድ ከፈጣን የእንቅስቃሴ ንድፍ ጋር ለተማሪዎች አስፋፍቶታል። የብሮድዌይ ትያትሮችን ለኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ከሰባ ዓመት በላይ የነደፈው አል ሂርሽፌልድ ደግሞ እጁን ኪሱ ውስጥ እንዳደረገ በትንሽ ወረቀት ላይ መንደፍ ተምሮ ነበር። በጨለማ የጫረውን ምልክት ቤቱ ወስዶ፣ በንጹሕ የቀለም መስመር ያሳምረዋል። በ2003 በ99 ዓመቱ አረፈ፤ በዚያው ዓመት በብሮድዌይ አንድ ትያትር ቤት በስሙ ተሰየመ።

ሁለተኛው ፈተና ተዋናዩ አለመቆሙ ነው። ጀማሪ ፊቱን ጀምሮ አፍንጫው ጋ ሲደርስ ሰውየው መድረኩን አቋርጧል። የለመደ ሰው ከፊት አይጀምርም፤ ከአከርካሪው፣ ከትከሻው ዘንበል ማለት፣ ክብደቱ ካረፈበት እግር ይጀምራል። እነዚህ በአምስትና በስድስት መስመር ያልቃሉ። ደግሞም ተዋናይ ልማድ አለው፦ በተናደደ ቁጥር ወደዚያው ወንበር ይመለሳል፣ በዋሸ ቁጥር አንገቱን ይዳብሳል። ነዳፊው በአንድ ገጽ ላይ አራት አምስት ያላለቁ አካላትን ከፍቶ ይጠብቃል፤ ያ አቋም ሲመለስ እርሱም ወደዚያው ንድፍ ይመለሳል። በዚህ መንገድ የተሠራ ገጽ የአንድ ቅጽበት ምስል አይደለም፤ የአንድ ሰዓት ክምችት ነው። ካሜራ ይህን አይሰጥም፤ ለእኔ የዚህ ጥበብ ዋጋ ያለው እዚህ ላይ ነው።

መልክ ማስመሰል ግዴታ አይደለም። ሠዓሊው ቱሉዝ ሎትሬክ በፓሪስ ካባሬዎች (የምሽት መዝናኛ ቤቶች) ዘፋኟን ኢቬት ጊልቤርን ደጋግሞ ሲነድፍ፣ ከክርን በላይ የሚዘልቁት ጥቁር ጓንቶቿ ማንነቷን እንደሚሸከሙ ገባው። በ1894 ስለ እርሷ በወጣው አልበም ሽፋን ላይ ያሰፈረው ጓንቶቹን ብቻ ነው። ፓሪስ ግን ማን እንደሆነች አልጠፋትም።

ሰርከስ ሲሆን ሒሳቡ ይለወጣል። ጅማ ያደጉት ወንድማማቾች ቢቢና ቢቹ የመሠረቱት ሰርከስ አቢሲኒያ በ2017 ኤዲንብራ ላይ፣ ሜዶውስ በሚባለው የከተማው መስክ በተተከለ ድንኳን፣ በኢትዮጵያውያን አክሮባቶች ትርኢት አሳይቷል። በኋላም በ1992 በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ወርቅ ባጠለቀችው በደራርቱ ቱሉ ሕይወት ላይ የተመሠረተ «ቱሉ» የተሰኘ ትርኢት ሠርቷል። እንዲህ ያለውን የሚነድፍ ሰው የፊዚክስ ትምህርቱን ማስታወስ አለበት። ወደ ላይ የተወረወረ አካል ከፍታው ጫፍ ላይ ሲደርስ ሽቅብ መሄዱን ለአፍታ ያቆማል፤ ዓይን የሚይዘው እዚያ ላይ ነው። በርካታ ኳሶችን እያፈራረቀ ወደ ላይ የሚወረውረውንም ሰው ሲነድፉ ኳሶቹን መቁጠር ከንቱ ድካም ነው። ክርኑን፣ ቀና ያለ አገጩንና ዓይኑ የሚያይበትን አቅጣጫ ከያዙ ኳሶቹን ተመልካች ራሱ ይሞላቸዋል።

መሣሪያው ጥቂት ነው፦ ከጉልበት የማይበልጥ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር፣ ባለ 4ቢ ወይም 6ቢ ለስላሳ እርሳስ፣ ብሩሽ ጫፍ ያለው እስክሪብቶ። ግድግዳው ሁሉ ጥቁር በሆነባቸው ክፍሎች ጥቁር ወረቀትና ነጭ እርሳስ ይበልጣሉ፤ ሰውየውን ሳይሆን የነካውን ብርሃን መንደፍ ይቻላልና። ከሰል ያምራል፣ ግን የጎረቤትን ልብስ ያቆሽሻል። የሚንጫጫ እስክሪብቶና የሚንኮሻኮሽ ወረቀት በዝምታ ትዕይንት ውስጥ ወንጀል ነው።

ፈቃድ መጠየቅም አለ። በትያትር ቤት ፎቶ ማንሳት ብዙ ጊዜ ክልክል ነው፤ እርሳስ በክልከላው ባይጠቀስም አስቀድሞ ለቡድኑ መንገር ጨዋነት ነው። ትንሽ ክፍል ውስጥ ተዋናዩም ያያችኋል። በተለይ ኮሜዲያን ፊት ለፊት የተቀመጠ ነዳፊ ደብተሩ ተነጥቆ ለታዳሚ እንደሚታይ ቆጥሮ ይግባ።

ቤት ገብቶ ማስዋብን በተመለከተ ነዳፊዎች አይስማሙም። ለእኔ ቀለም መጨመሩ ክፋት የለውም፤ የተንሻፈፈውን መስመር በላጲስ ማቃናት ግን ንድፉን ይገድለዋል። መስመሩ የተንሻፈፈው ተዋናዩ በዚያች ቅጽበት ስለዞረ ነው።

ይህን ለመሞከር ኤዲንብራ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። አገር ፍቅርም ብሔራዊ ትያትርም መድረክ አላቸው፤ ጨለማውም ያው ነው። አዘጋጁን አስፈቅዱ፣ የረድፉን ጫፍ ያዙ፣ እርሳሳችሁንም ከቤት ቀርጻችሁ ሂዱ።