በግልጽ ማመንና በጥቅም ማሳመን፦ ከጎንደር እስከ ሬሆቮት የዘለቀ ጥያቄ

ሬሆቮት ውስጥ ቅርያት ሞሼ ሰፈር ሃይማኖት ተደብቆ የሚያዝ ነገር አይደለም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሰንበት ዝግጅቱ ይጣደፋል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ሥራ ይቆማል። የሲግድ ዕለት ሕዝቡ ነጭ ለብሶ፣ ቄሶቹ በጥላቸው ሥር ሆነው ወደ ኢየሩሳሌም ይወጣሉ። ሰው ምን እንደሚያምን ከአለባበሱ፣ ከሚበላውና ከማይበላው ይታወቃል። አባቶች በጎንደርና በትግራይ መንደሮችም የኖሩት እንዲሁ ነበር። እምነታቸውን በየቀኑ ኖሩት እንጂ ለጎረቤት አልሰበኩትም።

ክርስትና ግን በዚህ በኩል ይለያል። ብዙ ክርስቲያኖች፣ በተለይም የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት አማኞች፣ እምነትን መኖር ብቻ ሳይሆን ለሌላው መንገርም ግዴታ ነው ብለው ያምናሉ። «ምስክርነት» የሚሉት ይህንን ነው፤ በሥራ ቦታም፣ በአውቶቡስም፣ በሐኪም ቤት ወረፋ ላይም ስለ ኢየሱስ መናገር ማለት ነው። በእስራኤል አማርኛ የሚናገሩ እንዲህ ያሉ አማኞች አሉ። ራሳቸውን ክርስቲያን የሚሉ አሉ፤ «መሲሃዊ አይሁድ» ነን የሚሉም አሉ። ነገሩ ለቤተ እስራኤል ሽማግሌዎች ቀላል አይደለም። ልጁ «በኢየሱስ አምናለሁ» ያለው አባት ምክር ፍለጋ የሚመጣው ወደ እነርሱ ነው። መጽሐፍ በር ላይ ተቀምጦ ያገኘችው እናትም የምትጠይቀው እነርሱን ነው።

መልሱን ለማግኘት ሁለት ነገር መለየት ያስፈልጋል፤ እምነቱን በግልጽ የሚናገር ሰውና በጥቅም የሚያባብል ሰው። የማኅበረሰቡ ታሪክም የአገሩ ሕግም እነዚህን ሁለቱን ለየብቻ ነው የሚያዩት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ርስትና ጥምቀት

ቁስሉ የቆየ ነው። ከ1414 እስከ 1429 የነገሠው ዐፄ ይስሐቅ ቤተ እስራኤልን በጦር ካሸነፈ በኋላ፣ የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ግን ፈላሲ ይሁን የሚል አዋጅ አወጣ ይባላል። «ፈላሻ» የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው የሚሉም አሉ። የቃሉ አመጣጥ እስካሁን ያከራክራል፤ ርስት ማጣቱ ግን የታወቀ ነው። መሬት ያጣው ሕዝብ ወደ ቀጥቃጭነት፣ ወደ ሸክላ ሥራና ወደ ሽመና አዘነበለ። እጁ የሠራውን ማረሻና ማሰሮ የሚገዛው ጎረቤት ደግሞ መልሶ «ቡዳ» ይለው ነበር።

እንግዲህ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሃይማኖትና እንጀራ ተያይዘው ቆዩ ማለት ነው። ሰውየው የተጠመቀው አምኖ ይሁን መሬቱን ለማስቀረት፣ ማንም በእርግጠኝነት ሊያውቅ አይችልም ነበር። የአባቶች «አትንኩኝ» ሥርዓትም በዚህ መካከል ነው መታየት ያለበት። ከሌላው ጋር አለመብላት፣ ከገበያ ሲመለሱ ውኃ ውስጥ ገብቶ መንጻት፣ መንደርን ከወንዝ አጠገብ መቀለስ ሕግ ከመሆኑም በላይ የጥቂቶች አጥር ነበር።

ሚሲዮኖቹ ሲመጡ

በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ነገሩ መልኩን ቀየረ። ጀርመናዊው ዮሐን ማርቲን ፍላድ በ1855 ኢትዮጵያ ገባ። ሄንሪ አሮን ስተርን ደግሞ በ1860 ከለንደን ማኅበር ተልኮ መጣ፤ እርሱ ራሱ በትውልዱ ጀርመናዊ አይሁዳዊ የነበረና ክርስትናን የተቀበለ ሰው ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ፈቃድ ሰጧቸው፤ ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጡ። የሚጠመቁት ሁሉ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ይጠመቁ እንጂ ሌላ ቤተ ክርስቲያን እንዳይተከል አሉ።

ሚሲዮኖቹ ይዘው የመጡት አዲስ ነገር መጽሐፍ ቅዱስ በአማርኛ ነበር። የቤተ እስራኤል ኦሪት የሚነበበው በግዕዝ ስለነበረ፣ ሰው በሚገባው ቋንቋ ማንበቡ ብዙዎችን ሳበ። ካህናቱና መነኮሳቱም ዝም አላሉም፤ ክርክሩ እስከ ንጉሡ ፊት ደረሰ። በ1862 አባ ማሃሪ ብዙ ሕዝብ አስከትለው ወደ ተስፋይቱ ምድር በእግር ተነሡ። ባሕሩ ይከፈልልናል ብለው በትግራይ በኩል ተጓዙ፤ በረሃብና በበሽታ ብዙ ሰው አለቀ፤ የተረፉት ተመለሱ። የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ጉዞ ሚሲዮኖቹ ካመጡት ጭንቀት ጋር ያያይዙታል።

ስተርን ራሱ በ1863 በቴዎድሮስ ታሰረ፤ የተፈታው በ1868 እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ ነው። ሥራው ግን አልቆመም። ከራሱ ከቤተ እስራኤል የወጡ፣ በአውሮፓ የተማሩ እንደ ሚካኤል አረጋዊ ያሉ ሰዎች ቀጠሉት። ከ1888 እስከ 1892 የዘለቀው ክፉ ቀን ሲመጣ ደግሞ ብዙ መንደር ባዶ ሆነ፤ ለመኖር ሲል ከክርስቲያኑ የተጠጋም ነበር። «ማርያም ወደድ» ተብለው የተጠሩት ሰዎች ታሪክ ከዚህ ሁሉ የተቀላቀለ ነው። አምኖ የሄደ አለ፤ ተርቦ የሄደ አለ፤ ርስት ፈልጎ የሄደም አለ። የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ በሬሆቮትም በጎንደርም ይኖራሉ።

አንድ ነገር ደግሞ መረሳት የለበትም። ለማኅበረሰቡ ትምህርት የደከሙት ታምራት አማኑኤል፣ ዣክ ፋይትሎቪች በ1904 ሲያገኟቸው በአስመራ የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሪ ነበሩ። ወደ ፓሪስ ሄደው ተማሩ፤ በኋላም አዲስ አበባ ላይ የቤተ እስራኤል ልጆች የተማሩበትን ትምህርት ቤት መሩ። በሚሲዮን ደጅ ያለፈ ሁሉ ጠፍቶ አልቀረም ማለት ነው።

የእስራኤል ሕግ ምን ይላል?

ብዙ ሰው በእስራኤል ስለ ሌላ ሃይማኖት መናገር ክልክል ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። በ1948 የወጣው የነፃነት አዋጅ የሃይማኖትና የኅሊና ነፃነትን ለሁሉም ነዋሪ ቃል ገብቷል። ዐዋቂ ሰው እምነቱን ለሌላ ዐዋቂ መንገር፣ መጽሐፍ መስጠት፣ ቤቱ ጋብዞ መጸለይ ይችላል። የሚሰማውም እንቢ ማለት፣ በር መዝጋት፣ መጽሐፉን መመለስ ይችላል።

ሕጉ የሚከለክለው ሌላ ነገር ነው። በ1977 የወጣው የወንጀል ሕግ ማሻሻያ፣ ሰው ሃይማኖቱን እንዲቀይር ገንዘብ ወይም ሌላ ጥቅም የሰጠ ወይም ለመስጠት ቃል የገባ እስከ 5 ዓመት ሊታሰር እንደሚችል ይደነግጋል። ሃይማኖቱን ሊቀይር ብሎ ጥቅሙን የተቀበለውም ይቀጣል። በልጆች ላይ ደግሞ ሕጉ ይበልጥ ይጠብቃል፤ ከ18 ዓመት በታች ያለን ልጅ ያለ ወላጆቹ ፈቃድ ሃይማኖት ለማስለወጥ ማግባባት ክልክል ነው።

የዐፄ ይስሐቅን አዋጅ ታሪክ ለሚያውቅ ሽማግሌ ይህ ሕግ እንግዳ ሊሆንበት አይችልም። ርስት ከጥምቀት ጋር እንዳይታሰር ማለት ነው። የቤት ኪራይ ልክፈልልህ፣ ለልጅህ ኮምፒውተር ልስጠው፣ አገር ቤት ላሉት ወንድሞችህ ገንዘብ ልላክ፣ አንተ ብቻ ናና ተጠመቅ የሚል ካለ፣ ያ ምስክርነት ሳይሆን ወንጀል ነው። ባዶ እጁን መጥቶ «እኔ እንዲህ አምናለሁ» የሚል ግን ወንጀለኛ አይደለም።

ተናግሮ የሚከፈል ዋጋ

በግልጽ ማመን ዋጋ ያስከፍላል። በአገሩ በጣም የታወቀው ምሳሌ የኦስዋልድ ሩፋይሰን ነው። በፖላንድ የተወለደ አይሁዳዊ ሲሆን በናዚ ዘመን በሚር ከተማ ብዙ አይሁዶችን ከሞት አትርፏል። በዚያው ዘመን ክርስትናን ተቀበለ፤ በኋላም መነኮሰ፤ ወንድም ዳንኤል ተባለ። ወደ እስራኤል መጥቶ በመመለስ ሕግ፣ «እኔ አይሁዳዊ ነኝ» ብሎ ጠየቀ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ1962 አልተቀበለውም። እምነቱን ደብቆ ቢሆን ኖሮ ወረቀቱን ያገኝ ነበር፤ አልደበቀም። በሌላ መንገድ ዜግነት አግኝቶ እስከ 1998 ድረስ በሃይፋ ኖሮ ሞተ። በ1970 የመመለስ ሕጉ ሲሻሻል አይሁዳዊ ማለት «የሌላ ሃይማኖት አባል ያልሆነ» መሆኑ ተጨመረ፤ በ1989ም ፍርድ ቤቱ ይህ መሲሃውያንን እንደሚጨምር ወሰነ።

ይህ ለዘረ እስራኤል ቤተሰቦች ቀላል ነገር አይደለም። ከጎንደር የሚመጡት በመግቢያ ሕግ ገብተው ወደ አይሁድነት የመመለስ ሥርዓት ያልፋሉ። ቀሪው ዘመድ አገር ቤት እየጠበቀ ነው። እዚያ ደግሞ የወንጌላውያን ቁጥር በጣም ጨምሯል፤ በ2007ቱ የኢትዮጵያ ቆጠራ ከሕዝቡ 18.6 በመቶ ፕሮቴስታንት ነበር። በስልክ የሚያወራው የአጎት ልጅ ስለ ጌታ መናገሩ የተለመደ ነው። ሰምቶ ልቡ የተነካ ሰው፣ እዚህ በግልጽ ቢናገር የእኅቱ ጉዳይ ይበላሽ ይሆን ብሎ ይፈራል። ስለዚህ ይደብቃል። ትላንት መሬቱን ላለማጣት የተጠመቀ ነበር፤ ዛሬ ዘመዱን ላለማጣት ዝም የሚል አለ። ሁለቱም ላይ እምነትና ጥቅም ተያይዘዋል።

ሌላም ዋጋ አለ። በእስራኤል የሲቪል ጋብቻ ስለሌለ፣ ረባኑት የማይቀበለው ሰው አገር ውስጥ በአይሁድ ሥርዓት ማግባት አይችልም። ብዙዎች ውጭ አገር ሄደው ይጋባሉ። ቀብርም ሲመጣ ጥያቄ ይነሳል፤ የ1996ቱ ሕግ የሲቪል መቃብር ፈቅዷል፤ ቦታው ግን በየከተማው አይገኝም። ሰውየው በሕይወት እያለ ያልተነጋገሩበት ቤተሰብ በለቅሶ ቀን ይጣላል።

ንዴት ሲያይል

በተቃራኒው ደግሞ ንዴት የት እንደሚያደርስ 2008 አሳይቷል። በኦር ይሁዳ ከተማ በየቤቱ የታደሉ በመቶ የሚቆጠሩ የአዲስ ኪዳን መጻሕፍት ተሰብስበው በእሳት ተቃጠሉ። መሰብሰቡን ያስተባበሩት ምክትል ከንቲባ በኋላ በመቃጠሉ ማዘናቸውን ተናገሩ። በዚያው ዓመት በአሪኤል፣ የፑሪም ስጦታ መስሎ ወደ አንድ መሲሃዊ ቤተሰብ የተላከ ቦምብ የ15 ዓመት ልጅ ክፉኛ አቆሰለ።

በ1242 ፓሪስ ላይ ታልሙድ በጋሪ ተጭኖ የተቃጠለበት፣ በ1933 በርሊን ላይ የአይሁድ ደራስያን መጻሕፍት የነደዱበት ሕዝብ፣ መጽሐፍ ማቃጠል ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል። የማይፈለግ መጽሐፍ ይመለሳል፤ አይነድም።

ሽማግሌው ምን ይጠይቅ?

ቤተሰብ ተጨንቆ ሲመጣ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «ለምን ከዳህ?» ከሆነ፣ ነገሩ እዚያው ይዘጋል። ልጁ ይሄዳል፤ ወይም ዝም ብሎ ይደብቃል። ከዚያ ይልቅ ሦስት ነገር ቀድሞ ማጣራት ይጠቅማል።

አንደኛ፣ የተሰጠ ወይም ቃል የተገባ ነገር አለ ወይ? ገንዘብ፣ ዕቃ፣ ሥራ፣ የጉዞ ቲኬት ካለ ጉዳዩ የሽምግልና ብቻ አይደለም፤ ወደ ፖሊስ ወይም ወደ ሕግ አማካሪ መሄድ ይገባዋል። ሁለተኛ፣ የተነጋገሩት ከልጅ ጋር ነው ወይስ ከዐዋቂ ጋር? ልጅ ከሆነ ወላጅ ሳያውቅ የሚደረገው ሁሉ መቆም አለበት። ሦስተኛ፣ የሚናገረው ሰው ማንነቱን ገልጿል ወይ? የዕብራይስጥ ትምህርት፣ የአረጋውያን ሽርሽር፣ የልጆች ካምፕ ብሎ ጠርቶ ሌላ ነገር የሚያስተምር፣ እምነቱ ምንም ይሁን፣ መጀመሪያ በግልጽ አልመጣም።

በሦስቱም ጥፋት ካልተገኘ፣ የቀረው የሐሳብ ልዩነት ነው። ሐሳብ ደግሞ በሐሳብ ይመለሳል። ኦሪቱን የሚያውቁ ቄሶች አሉ፤ የአባቶችን ታሪክ የሚያውቁ ሽማግሌዎች አሉ። ወጣቱ ስለ ኢየሱስ ሲጠየቅ መልስ ያገኘው ከሌላ ሰው ብቻ ከሆነ፣ ስለ አባ ማሃሪ ማንም ሳይነግረው ቀርቶ እንደሆነ ማሰብ ተገቢ ነው። ብዙ ልጆች የአያቶቻቸውን ታሪክ በአማርኛ ሰምተው አልጨረሱም፤ በዕብራይስጥም የሚነግራቸው አላገኙም።

ልቡ ሄዶ የቀረ ሰውም ቢሆን ከለቅሶና ከሠርግ መገለል የለበትም። ጎረቤቱ ሲታመም ሾርባ ይዞ የሚገባ፣ በሥራው የማይዋሽ፣ ሲጠየቅ ብቻ ስለ እምነቱ የሚናገር ክርስቲያን በሰፈሩ ካለ፣ አባቶች ያወቁትን ዓይነት ኑሮ ነው የሚኖረው። አረጋውያንን ቀን ከሌሊት የሚንከባከቡት የውጭ አገር ሠራተኞች ብዙዎቹ ክርስቲያን ናቸው፤ መስቀላቸውን አድርገው የሰንበት ምግብ ያቀርባሉ። በአንድ ቤት ሁለት እምነት ተከባብሮ ሊኖር እንደሚችል ብዙ ቤተሰብ በየዕለቱ ያየዋል። የተጨነቀ አባት የሽማግሌውን በር ሲያንኳኳም፣ ከቁጣ በፊት እነዚያ ሦስት ጥያቄዎች ይጠየቁ፤ ልጁም ራሱ ተጠርቶ ይሰማ።